የዶሚኖው ገበታና የዊለምስታድ እሳት

ስለ ሕዝብ ዐመፅ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ ሲቀርብልን ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንፈልገው የሰልፉን ጩኸትና የእሳቱን ነበልባል ነው። በእኛ አስተያየት ግን የደራሲ ችሎታ የሚፈተነው ከዚያ በፊት ባለው ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ወደ አደባባይ ከመውጣቱ አስቀድሞ በቤቱና በልቡ ይዞት የኖረውን ሸክም ለማሳየት በመቻሉ ነው። የኩራሳው ተወላጅ ፍራንክ ማርቲኑስ አሪዮን በ1973 ዓ.ም. በሆላንድ ቋንቋ ያሳተሙትን «ድርብ ጨዋታ» የተባለውን ልብ ወለድ የምንመረምረው በዚሁ ሚዛን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጽሐፉን ቁም ነገር ለመረዳት የደሴቲቱን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኩራሳው ሆላንዶች በ1634 የያዟት የካሪቢያን ባሕር ደሴት ናት። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1863 ነው። በ1954 የጸናው ቻርተር ለሆላንድ አንቲልስ የውስጥ አስተዳደር ነፃነት ቢሰጥም፣ የኑሮው ምሰሶ የሼል ኩባንያ የነዳጅ ማጣሪያ ነበረ። በሜይ 1969 ለሼል በተቋራጭነት ይሠራ የነበረው የዌስካር ድርጅት ሠራተኞች፣ ሥራችን ከሼል ሠራተኞች ሥራ አንድ ሆኖ ሳለ ደመወዛችን ስለ ምን ያንሳል ብለው ሥራ አቆሙ። በወሩ 30ኛ ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ዊለምስታድ ሲያመሩ፣ የወደብ ሠራተኞች መሪ ፓፓ ጎዴት በፖሊስ ጥይት ቆሰሉ፤ የንግድ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ የሆላንድ ባሕር ወለድ ጦርም በከተማው ተሰማራ። የጠቅላይ ሚኒስትር ዴ ክሮን መንግሥት ሥራውን ለቀቀ። በሴፕቴምበር በተደረገው ምርጫ ከዐመፁ የተወለደው የሠራተኞች ግንባር ሦስት መቀመጫ አገኘ፤ በዓመቱም መጨረሻ ኤርኔስቶ ፔትሮኒያ የአንቲልስ የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሪዮን ግን ለታሪካቸው ያን ቀን አልመረጡም። የመረጡት ዋኮታ በተባለው ሰፈር፣ በአንድ እሑድ፣ ዶሚኖ የሚጫወቱ አራት ወንዶችን ነው። ታክሲ ነጂው ቡቡ ፊልና የፍርድ አስፈጻሚው ማንቺ ሳናንቶኒዮ በአንድ ወገን ሲቀመጡ፣ በፊታቸው ያሉት ሁለቱ ተጋጣሚዎች በምስጢር የሚስቶቻቸው ወዳጆች ናቸው። የመጽሐፉ ስም ከዚህ የመጣ ነው። ወንዶቹ ጠጠሩን በገበታው ላይ እያጋጩ ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከሩ፣ የቡቡ ሚስት ኖራ ለልጇ ጫማ መግዣ ታጣለች። ማንቺ በቤቱ ታላቅነት ይኮራል፤ ይሁን እንጂ ይህ ኩራት በአንድ ቀን ሽንፈት የሚፈርስ ነው። እንግዲህ ደራሲው የነገሩን እውነት እዚህ ላይ አግኝተውታል፦ በሥራ ቦታ ክብሩን ያጣ ሰው በቤቱ ላይ ጌታ ለመሆን ይሞክራል፤ የዚህም ዕዳ ከፋይ ሚስቱ ናት። መጽሐፉን ለደፋር ሴቶች መታሰቢያ ማድረጋቸው በዚህ ምክንያት የተገባ ነው።

ነቀፌታም አለን። የማንቺ ሚስት ሶሌማ መምህርት ናት፤ ስለ ሕዝቧ መጻኢ ዕድል ስትናገር ግን የምንሰማው ብዙ ጊዜ የደራሲውን ድምፅ ነው። ኖራ በድህነቷ ያስተማረችንን ሶሌማ በንግግር ልታስተምረን ትሞክራለች። እንዲሁም ከአራቱ ተጫዋቾች ሁለቱ በአንድ ቀን እንዲሞቱ መደረጉ፣ ሕይወት ከሚፈቅደው ይልቅ ደራሲ የሚፈልገውን ፍጻሜ ይመስላል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የቋንቋው ነው። በዋኮታ ገበታ ዙሪያ የሚነገረው ፓፒያሜንቱ ነው፤ ልብ ወለዱ ግን በገዢው ቋንቋ ተጻፈ። ይህን አሪዮንን ለመክሰስ አናነሣውም፤ እርሳቸው በኋላ በ1987 በፓፒያሜንቱ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸውና። ነገር ግን ዊለምስታድን ያነደደው ቁጣ በመጀመሪያ በሌላ ቋንቋ መነበቡ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ገና ያልተለወጠ ነገር እንደ ነበረ ያመለክታል። ፓፒያሜንቱ በኩራሳው በሕግ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ2007 ነው።

ሼል በ1985 ደሴቲቱን ለቆ ሄደ፤ ኩራሳውም በ2010 በሆላንድ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር አገር ሆነች። የመቀመጫውንና የሹመቱን ቍጥር ተማሪ ከታሪክ መጽሐፍ ያገኘዋል። ደመወዙ ያነሰበት ሰው ስለ ምን ደመወዝ ብቻ እንዳልጠየቀ ለመረዳት የሚሻ ግን «ድርብ ጨዋታ»ን ያንብብ እንላለን።