ለድልድዩ ወይስ ለመኪናው?

በሰሜን ካሮላይና፣ በደርሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የተሠራው የባቡር ድልድይ ከፍታው 3.56 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ የብዙ ጭነት መኪናዎችን ጣሪያ ሲገፍፍ ኖሯል። ከፊቱ የቆመው የብረት አግዳሚ ሐዲዱን ይጠብቃል፤ መኪናውን ግን ራሱ ይቀደዋል። ይህን መከላከያ ብለን ለመጥራት ይከብደናል። በ2016 ቁመት የሚለይ መሣሪያ ቀይ መብራት እንዲያበራ ተደረገ፤ አንዳንዱ ሾፌር ግን ቀዩን በትዕግሥት ቆሞ ያሳልፍና አረንጓዴው ሲበራ ሄዶ ይገጫል! መንገዱን ዝቅ እንዳያደርጉት ከሥሩ ዋና የፍሳሽ ቦይ አለ። በ2019 ድልድዩ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ቢደረግም ግጭቱ አልቀረም። በእኛ አስተያየት የሾፌሩን ጠባይ የተሻለ የተረዱት የሲድኒ ወደብ ዋሻ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከዋሻው አፍ ፊት የውኃ መጋረጃ አውርደው «ቁም» የሚለውን ምልክት በብርሃን ይጥሉበታል። ውኃው ማንንም አይጎዳም፤ ሾፌሩ ግን ግድግዳ የገጠመው ያህል ፍሬን ይይዛል።