«ነጻ ሶፍትዌር» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

አዲስ ሙያዊ ስያሜ የሚመዘነው ለአጠራር በመመቸቱ ብቻ አይደለም፤ የተሰየመውን ጽንሰ ሐሳብ ሳያዛባ ለአንባቢ በማድረሱም ጭምር ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ «ፍሪ ሶፍትዌር» ለተባለው የእንግሊዝኛ ስያሜ አቻ ሆኖ የተለመደው «ነጻ ሶፍትዌር» ጉድለት አለበት። ጉድለቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የፈቃድ ክርክርን፣ የሶፍትዌርን ደኅንነትና የባለሙያውን እንጀራ ይነካል።

ጽንሰ ሐሳቡ የተስፋፋው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ይፋ ካደረገና በ1985 ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ካቋቋመ ወዲህ ነው። ፍቹ ዋጋን አይመለከትም። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመርና የመለወጥ፣ ቅጂውን የማሠራጨት፣ ያሻሻለውንም ለሌሎች የማካፈል መብት አለው ማለት ነው። ይህን የሚያሟላ ሶፍትዌር በገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፤ ያለ ክፍያ የሚታደለው ሁሉ ደግሞ ይህን አያሟላም።

የእንግሊዝኛው ቃል አሻሚነት የታወቀ ነው። አማርኛ ግን «ነጻ»ን ከ«በነጻ» ስለሚለይ ከዚህ ችግር ያመልጣል የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። አስተያየቱ በከፊል እውነት ነው፤ «ነጻ ሰው» እና «በነጻ ወሰደ» አይምታቱም። ይሁን እንጂ «ነጻ ሕክምና»፣ «ነጻ የትምህርት ዕድል» ስንል «በ» ሳይኖር የምንረዳው የክፍያን አለመኖር ነው። ቅጽሉ የሚገልጸው ስም ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲሆን የአንባቢው ሐሳብ ወደ ዋጋ ያዘነብላል። ሶፍትዌርም ከዚሁ ወገን ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት በፈቃድ ረገድ ይታያል። ዋጋ ያልተጠየቀበት ነገር ግዴታም የሌለበት ይመስላል። በአሜሪካ ጃኮብሰን በካትዘር ላይ ያቀረበው ክስ ያለ ክፍያ የተሠራጨ የአነስተኛ ሞዴል ባቡሮች መቆጣጠሪያ ፕሮግራምን የሚመለከት ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ ውል መጣስ ብቻ ሲያየው፣ የፌዴራል ሰርኪት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በፈቃዱ ላይ የሠፈሩት ግዴታዎች የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች መሆናቸውንና እነርሱን መተላለፍ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ስለሆነም «ነጻ»ን «ባለቤት የሌለው» ብሎ የሚረዳ አንባቢ በሕግ ፊት ይሳሳታል።

ሁለተኛው ጉዳት ደኅንነትንና ሥራን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ግድፈት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተሰኘው የምስጢር ጥበቃ ሶፍትዌር ውስጥ ተገኘ። ፕሮግራሙ ላኪው የተናገረውን የመልእክት ርዝመት ሳያረጋግጥ ይቀበል ስለነበር ከማኅደረ ትውስታው እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ይዘት ለባዕድ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ የመረብ አገልግሎቶች የተደገፉበት ይህ ሥራ ሙሉ ጊዜያቸውን የሚሰጡት ባለሙያዎች ከጥቂት በታች እንደነበሩና በልገሳ የሚያገኘውም በዓመት 2,000 ዶላር ያህል እንደነበረ የተገለጸው ከዚያ በኋላ ነው። ችግሩን ስያሜ አላመጣውም። ሆኖም «ነጻ» ማለት «ያለ ዋጋ» ነው ብሎ የተረዳ ሰው፣ ለጥገናውና ለፍተሻው ደመወዝ የሚያስፈልገው ባለሙያ መኖሩን በቀላሉ ይዘነጋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከተፈጠረው የእንግሊዝኛ ስያሜ የተተረጎመው «ክፍት ምንጭ» መፍትሔ አይሆንም፤ የኮዱን መታየት እንጂ የተጠቃሚውን መብት አይናገርምና። እኛ የምናቀርበው «ነጻነት ሰጪ ሶፍትዌር» የሚለውን ነው። «ነጻነት» የሚለው ስም በአማርኛ ለዋጋ አይነገርም፤ ጥምረቱም «ሕይወት ሰጪ» እንደሚባለው የተለመደውን ሥርዓት ይከተላል። የክፍያን አለመኖር ለመግለጽ «ያለ ክፍያ» ይበቃል። ስያሜው ይረዝማል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ አራት ፊደል ለመቆጠብ ሲባል መብትን ከዋጋ ጋር ማምታታት አይገባም የሚል መልስ አለን። ተርጓሚዎች በሥራ ላይ ፈትነው የደረሱበትን ቢያሳውቁን፣ ስያሜው የሚጸድቀው ወይም የሚጣለው በዚያ መሠረት ይሆናል።