በእጅ የሚታለብ የእናት ወተት

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር በ34ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ወተቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ ይወርዳል። ወተቱን የምታቀርበው እናቱ ናት፤ ፓምፕ በሌለበት በገዛ እጇ።

አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን ከጡቷ ጥቁር ክብ ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች፤ ወደ ደረቷ ገፋ አድርጋ ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ ደግማ ትጫናለች። ጫፉን አትጎትትም። በቀን 8 ጊዜና ከዚያም በላይ፣ ሌሊትም ጭምር። በመጀመሪያው ቀን የምታገኘው ጥቂት የእንገር ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንገር ወፍራም ስለሆነ በፓምፕ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከእጅ ግን በቀጥታ ወደ ንጹሕ ኩባያ ይገባል። ያቺ ጠብታ ያልጠነከረውን አንጀት ከአደገኛ ቁስለት ትከላከላለች። እኔ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አላውቅም።

ድካሙ በዚህ አያበቃም፦ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተባለ ሕፃን ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል፤ መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቱ በአራስ ቤቷ ገንፎ ተገንፍቶላት በዘመድ ተከባ መተኛት ሲገባት፣ ከሕፃናት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ታልባለች። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ ለቀረችው እናትም ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው፦ የታለበ ወተት በ25 ዲግሪ እስከ 4 ሰዓታት ይቆያል፤ በዚያ ቀትር ግን ያን ያህል አያስተማምንም። ፍሪጅ ከሌለ ለእያንዳንዱ ምግብ እንደ አዲስ ታልባለች። ወተቷ መድኃኒት ከሆነ፣ አልጋ፣ ውኃና ትኩስ ምግብ ለእናቲቱም የሕክምናው አካል ሆኖ ሊቀርብላት ይገባል።