የኳሱ ክብደት

በሚኒያፖሊስ አቅራቢያ ባለችው ሻኮፒ ውስጥ በረዶ ሁሉ ኳስ አይወጣውም። በጥር ብርድ የወረደው ዱቄት ነው፤ ቢጨብጡት በጣት መሃል ይሾልካል። መጋቢት ላይ ቀኑ ለዘብ ሲል ግን እርጥብ በረዶ ይጥላል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች አንዲት እፍኝ መሬት ላይ እያንከባለሉ ያሳድጓታል፤ ሣሩንም፣ የረገፈውን ቅጠልም፣ የተረሳ ጓንትም ይዛ ትነሳለች። እኛ አዲስ አበባ ይህን የምንሠራው በካልሲ ነበር፦ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ እንደገና ጨርቅ፣ ከላይ በሲባጎ ጥፍር። ጥሩ የጨርቅ ኳስ በመልኩ አይታወቅም። አንዴ በእግር ሲነሳ ራሱ ይናገራል።

ታድሶ የወጣ ጌም ስመዝን የምይዘው ሚዛን ይኸው የልጅነት ሚዛን ነው። መመዘኛ እንዲሆነኝ ደግሞ ራሱ የሚንከባለል ኳስ የሆነውን ካታማሪ ዳማሲን መርጫለሁ።

ናምኮ ይህን ጌም ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የመራው ኬይታ ታካሃሺ የተማረው ቅርፃ ቅርፅ ነበር። ታሪኩ ቅዠት ይመስላል፤ የጠፈር ሁሉ ንጉሥ በአንድ ሌሊት ጥጋብ ከዋክብቱን ሰባብሮ ይጨርስና ጥፋቱን እንዲጠግን ልጁን ወደ ምድር ይልካል። ቁመቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነው ልዑል የሚያጣብቅ ኳስ ይገፋል። ከኳሱ የሚያንስ ሁሉ ይለጠፋል፣ ኳሱ ያድጋል፣ ትናንት ያገደው ነገር ዛሬ ይነሳል። የመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ጨረቃ የምትሠራበት የመጨረሻው ግን 300 ሜትር። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ወደ ስብስቡ ካስገባቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞች አንዱ ይህ ነው። በ2018 «ሪሮል» የሚል ቅጥያ ይዞ ታድሶ ወጣ፤ ያደሰው መንኪክራፍት የተባለ ስቱዲዮ ነው።

እጅ

ምዘናው ከእጅ ይጀምር። ጌሙ የሚነዳው በጆይስቲኩ ሁለት ዱላዎች ነው፦ ሁለቱም ወደ ፊት ሲገፉ ኳሱ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ሲሆን ይዞራል። ከባድ ጋሪ እንደመግፋት ነው፤ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ እንዲያስቸግርም ታስቦ ነው።

አሁን ኳሱ ገና ትንሽ ሳለ እርሳስ የመሰለ ረጅም ነገር ያንሱበትና ለጥ ባለ ወለል ላይ ይንዱት። ማነከስ አለበት። እርሳሱ ወለሉን በነካ ቁጥር ኳሱ ብድግ እያለ መውደቁ በጣት ሊታወቅ ይገባል። ቀጥሎ ከሚበልጠው ነገር ጋር ያጋጩት፤ የለቀመው መርገፍ፣ የገፊውም ልብ አብሮ መሰበር አለበት። ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሪሮል ዩኒቲ ወደሚባለው አዲስ ሞተር፣ ማለትም ጌሙን ወደሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ የተዛወረ ሥራ ነው። ጌም ሞተር ሲቀይር ሥዕሉን ማጥራት የጥራት መጠን የመጨመር ጉዳይ ነው፤ ክብደትና ማንከስ ግን ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ ደጋግሞ እየሞከረ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋሉ። ሰነፍ አዳሽ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። በእኔ እጅ ሪሮል ያነክሳል፤ ፈተናውን አልፏል።

ጆሮ

የታደሰ የድሮ ካሴት የሰማ ሰው አደጋውን ያውቃል። ሹክሹክታውን አጠፋለሁ ብሎ የዘፋኙን ትንፋሽና የክራሩን ጥፍር አብሮ የሚጠርግ አለ። የዚህ ጌም ሙዚቃ በዩ ሚያኬ መሪነት የተሠራ የሳምባ፣ የጃዝና የጃፓን ፖፕ ድብልቅ ነው፤ መክፈቻው ሰው ሥራ ይዞ ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው ነው። ሲያድሱት ኦርኬስትራ ቢያለብሱት ያ ማንጎራጎር ይሞታል። ሌላም ይስሙ፦ ላም ስትለጠፍ ትጮሃለች፣ ሰው ሲለጠፍ እሪ ይላል። እነዚህ ድምፆች በሙዚቃው ውስጥ ሳይሰምጡ በየተራቸው ሊሰሙ ይገባል።

ዓይን

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየውን እኔ ሦስተኛ ያደረግሁት ዓይን ቶሎ ስለሚታለል ነው። የድሮው ጌም ላሞች ሳጥን ናቸው፤ ሰዎቹም ከእንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። ማሽኑ ደካማ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ዕቃ መደርደርና እያንዳንዱንም በጨረፍታ ማስለየት ስላስፈለገ ጭምር ነው። ስለዚህ ጥሩ እድሳት ጠርዙን ያጠራል፣ ቀለሙን ያበራል፣ ላሟን ግን ፀጉር አያበቅልባትም። ሥዕሉ እጅግ «እውነተኛ» ከሆነ ይጠርጥሩ።

ቃል

ንጉሡ ራሱን «እኛ» እያለ ነው የሚናገረው። የነገሥታት ደብዳቤና አዋጅ ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ቀልዱ ማብራሪያ አያሻውም፤ ያን የመሰለ የዙፋን ቃል ይዞ ልጁን «ኳስህ አነሰች» ብሎ ሲያዋርደው ሳቁ ከዚያ ይመጣል። ታውረስ የተባለውን የበሬ ኮከብ ለመሥራት ትልቅ ላም መፈለግ የግድ ነው፤ በመንገድ ላይ ላም ነክ የሆነች ትንሽ ነገር ከተነካች ግን ደረጃው እዚያው ያበቃል፣ ስድቡም ይከተላል። ይህን «አስቸጋሪ ነው» ብሎ የሚያለሰልስ አዳሽ ቀልዱ አልገባውም ማለት ነው።

ጭማሪ

እድሳትና ዳግም ሥራ ለየቅል ናቸው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኦሪገን ትሬይል የተባለው ጌም በ1971 እዚሁ ሚኒያፖሊስ ሲወለድ ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ ተማሪዎች የሚጫወቱት ወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን ነበር። ጌምሎፍት የተባለው ኩባንያ በ2021 ከሥር ጀምሮ እንደገና ሠራው፣ የአገሬውን ነባር ሕዝቦች አሳሳልም አረመ። ያ ዳግም ሥራ ነው፤ የሚመዘነውም በአዲስነቱ ነው። እድሳት ግን ባለአደራ ነው። የካታማሪ ሁለተኛ ክፍል በ2023 ታድሶ ሲወጣ የንጉሡን ልጅነት የሚያሳዩ አዳዲስ ደረጃዎች ተጨምረውለት ነበር። የጭማሪ ደንቡ የጎጆ ደንብ ነው፦ አዲስ ክፍል ጎን ይቀጠላል፣ ምሰሶው አይነቀልም።

የመጨረሻውን ምዘና ራሴ አልሠራውም። ጆይስቲኩን አሮጌውን ላላየ ልጅ እሰጥና ስክሪኑን ትቼ ትከሻውን አያለሁ። ኳሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ትከሻው አብሮ ካዘነበለ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሲሾልክም አንገቱን ካቀረቀረ ክብደቱ ደርሶታል። ያለፈው መጋቢት ከሰዓት በኋላ አንዱ እንዲያ አዘንብሎ ሲጫወት ቆየና ድንገት ጆይስቲኩን ጥሎ ወደ ደጅ ሮጠ። በመስኮት አየሁት፤ በረዶውን አንዴ ጨበጠ፣ ፈታ አድርጎ አየው፣ መያዙን አረጋገጠና ማንከባለል ጀመረ።