ከሰርተፊኬት ዝርዝር ወደ ሙያ ገጽ

የሊንክድኢን ገጽ እንዳዘጋጅላቸው በመንዝ ሞላሌና አካባቢዋ ያሉ ማሲንቆ ተጫዋቾች ይዘውልኝ የሚመጡት ሲቪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከላይ ጉርድ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፤ ቀጥሎ የትምህርት ደረጃ፤ ከዚያ የተሳትፎ ሰርተፊኬቶች ዝርዝር። ለመንግሥት ቅጥር የተለመደ አቀራረብ ነውና ነውር የለበትም። እንዳለ ወደ ሊንክድኢን ቢገለበጥ ግን ሙያውን ይሸፍነዋል። እዚያ የሚያነበው አዲስ አበባ የባህል ምሽት የሚያዘጋጅ፣ የመንዝን የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ሊያሳይ እንግዳ የሚያመጣ አስጎብኚ፣ ወይም ዋሽንግተን ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ነው። ማወቅ የሚፈልጉትም ይህ ሰው ቢመጣ ምን እንደሚጫወትላቸው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጬ እጠይቃለሁ። ከማን ተማርክ? ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁሉንም ትቃኛለህ? ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርልህ ሳታጎድል ትመልሳለህ? ቀረርቶና ሽለላስ? መልሱ ሙያው ራሱ ሆኖ ሳለ ሲቪው ላይ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የትምህርቱ ነገር ነው። «8ኛ ክፍል» ተብሎ ይታለፋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ ሥር ሆኖ ቆዳ መወጠር፣ የፈረስ ጭራ ማሰናዳት፣ ሠርግ ቤት ገብቶ የታዳሚን ስሜት ማንበብ የተማረበት ዘመን ግን የለም። እኔ ይህን ከሥራ ልምዱ ሁሉ ቀድሞ አሰፍረዋለሁ።

ከስም በታች ለሚጻፈው መግለጫ ሊንክድኢን የሚፈቅደው 220 ፊደል ነው። «ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችል አርቲስት» ማለት ቦታውን ማባከን ነው። «ማሲንቆ ተጫዋችና ድምፃዊ፤ የመንዝ ቀረርቶ፣ ሽለላና የሠርግ ዘፈን፤ መድረክ ላይ ግጥም ፈጣሪ» ቢባል ጠሪው የሚጠራውን ያውቃል። «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ያለ ማስረጃ አልጽፍም። አንዳንዶች ሥራው ያለው አዲስ አበባ ነው ብለው ሞላሌ የሚለውን ከገጹ እንዳወጣላቸው ይለምኑኛል፤ አልስማማም። በከተማው ዘፋኝ ሞልቷል፤ የመንዝን አዘፋፈን ይዞ የሚመጣ ግን የሚፈለገው ለዚያው ነው። የውጭ አንባቢም ቢሆን ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ካሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፍ የመንዝን ስም ሊያውቅ ይችላል።

የሥራ ልምዱ ቀን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስከረም 2010 በፈረንጆች 2017 ነው፤ የዚያው ዓመት ጥር ግን 2018 ውስጥ ይወድቃል። ሁሉንም ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ መጻፍ የሠርግ ወራትን ሥራ ያዛባል። የሠሩበት ቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ «ሀገር ፍቅር» ማለት ለእኛ ይበቃል፤ ለሩቅ አንባቢ ግን በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤት መሆኑን አብሮ መጻፍ ይገባል። የባለሙያው ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ በፓስፖርቱም፣ በዩቲዩቡም፣ በገጹም አንድ ይሁን፤ የግብዣ ደብዳቤ ሲመጣ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበትና። ከገጹ ጋር የሚያያዘው ቪዲዮ አጭር ይሁን፤ ኪቦርድ ሳይጫነው ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይሰማ።

የባህል ቡድን የምትመሩና ሰርተፊኬት የምትፈርሙ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ላደረጉት ተሳትፎ» ብላችሁ አትተዉት፤ ባለሙያው ምን እንደተጫወተ፣ የትና መቼ እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉለት።