«ሰምጦ ተገኘ»፤ ስለ አፈርሳታ አንድ ትችት

በእንግሊዝ አገር በጆርጆች ዘመን (1714–1830 እ.ኤ.አ.) ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ከወንዝ ሲወጣ፥ የአሟሟት መርማሪው ሹም ቢያንስ 12 የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ አስከሬኑን በዓይናቸው ያሳያቸው ነበር። ሟቹ እንዴት ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ካልታወቀ፥ «ሰምጦ ተገኘ» ብለው ይፈርዱ ነበር። አላወቅንም ማለት ነውር አልነበረም።

የእኛ አፈርሳታ ግን «ማን አደረገው?» ብሎ ይጀምር ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይምላል፤ «ወፍ» የተባለው ጠቋሚ በስውር ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳው የአገሬው ሁሉ ነው። ኃላፊነትን ለሁሉ ማካፈሉን እናደንቃለን።

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በተባለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ ይህንኑ ሥርዓት በጉራጌ አገር አሳይቶናል። ነገር ግን ጎጆው የተቃጠለበትን ናማጋን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ደራሲው ሥርዓቱን የፈተነው በሚመቸው ቦታ ነው እንላለን። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የእንግዳ ሬሳ ቢገኝ፥ ከየአገሩ የተሰበሰበው የአራዳ ሰው ስለ ማን ይምላል?

«ማን ገደለው?» ከማለት በፊት «ይህ ሰው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል ብለን እናምናለን።