መሪ የማይነጥቅ ጉልበት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊና በወተት አባይ አድርጎ ወደ ዱርቤቴ የሚነዳ ሰው መንገዱን በዓይኑ ብቻ አያየውም፤ በመዳፉም ያየዋል። አስፋልቱ ወደ ጠርዙ ሲያዘነብል፣ የክረምት ጎርፍ የሸረሸረው ዳር ሲመጣ፣ የግራው ጎማ ደረቅ ላይ ሆኖ የቀኙ ጭቃ ሲረግጥ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው በመሪው በኩል ነው። መሪ ከመንገዱ ሌላ ወሬ ባይነግረን ይመረጣል። በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና ግን በዚህ ረገድ ችግር ይዞ የተፈጠረ ነው፤ የሚታጠፉትም የሚጎትቱትም እነዚያው ሁለት ጎማዎች ናቸው። ሞተሩ ጉልበታም ሲሆን፣ በተለይ ቱርቦ ሲኖረው፣ ነዳጅ ጠበቅ ተደርጎ በተረገጠ ቁጥር መሪው ከእጅ ሊነጠቅ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ይህን ንጥቂያ ለማስቀረት መሐንዲሶች ስልሳ ዓመት ያህል የደከሙበት ሥራ በመኪና ታሪክ ውስጥ እጅግ ከማደንቃቸው አንዱ ነው። ሥራው ተሳካ የሚባለው ነጂው ምንም ሳይሰማው ሲቀር ስለሆነ አመስጋኝ የለውም። እኔ ላመስግነው።

በጎጃም መንገድ የኖረ ሾፌር ይህን ጠባይ ባያውቀው አይፈረድበትም። እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ፣ ሰው የሚጭነው ሚኒባስ፣ የከተማው ባጃጅ፣ ሁሉም ከኋላ የሚገፉ ናቸው፤ የፊት ጎማቸው ሥራ መታጠፍ ብቻ ነው። ቪትዝ ከፊት ይጎትታል፤ ነገር ግን የባለ 1.0 ሊትሩ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል 100 ኒውተን ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቢነጥቅስ በምን ጉልበቱ ይነጥቃል? ቱርቦ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ደጋ ላይ ደግሞ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከግቢ ሳይወጣ ያንኑ ያህል ጉልበት አጥቷል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር አምቆ እያስገባ የጎደለውን ይሞላል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ኮሶበር በሚወጣው መንገድ የተጫነ አይሱዙ ለማለፍ የሚያሰፈስፍ ሰው የሚመኘው ይህንኑ ነው። የቱርቦ ጉልበት ግን ትንሽ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የሚመጣውም መሪው በጥቂቱ በዞረበት፣ ከፊት የሚመጣ መኪና በሚታይበት ሰዓት ነው።

ሁለት በሬ የጠመደ ገበሬ ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። በሬዎቹ እኩል ሲስቡ እርፉ በእጁ ውስጥ ይረጋል፤ አንዱ ሲያይልና ሌላው ሲለግም ግን ማረሻው ከትልሙ ሊወጣ ይታገለዋል። የፊት ጎማዎችም እያንዳንዳቸው ሲጎትቱ ወደ ውስጥ መታጠፍ ይፈልጋሉ፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ሁለቱን በሚያገናኘው የመሪ ብረት ላይ ሲጋጠሙ እኩል ከሆኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ወደ ነጂው እጅ የሚደርሰው ልዩነታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ለብልህ ሠራተኛ የተከፈቱለት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ ሁለቱን ማስተካከል፣ ወይ እያንዳንዱን ከመነሻው ማሳነስ።

ሚዛኑን ያዛባው የቦታ ጥበት ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የወጣውን ሚኒን ሲነድፍ ሞተሩን አግድም አድርጎ ካምቢዮውን ከስሩ ሸጎጠው። የፊያቱ ዳንቴ ጃኮዛ ደግሞ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጫፍ ቀጠለው። በ1964 በአውቶቢያንኪ ፕሪሙላ ተሞክሮ በ1969 በፊያት 128 የጸናው ይህ አቀማመጥ ዛሬ በፊት ጎማቸው የሚጎተቱትን ትናንሽ መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዟቸዋል። ዋጋው ግን ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ከመሃል ወደ አንድ ጎን መሸሹ ነበር። ወደ አንዱ ጎማ የሚሄደው አክስል አጭር፣ ወደ ሌላው የሚሄደው ረጅም ሆነ።

ረጅም ብረት ከአጭር ይልቅ ይጠማዘዛል፤ ጉልበቱ ድንገት ሲመጣም አጭሩ ቀድሞ ያደርሰዋል። ይህኛው በርካሽ ይታረማል። የድፍን ዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዘንግ 19 በመቶ ብቻ ቢወፍር ከአጭሩ እኩል ይጠነክራል። የመጀመሪያዎቹን የቮልስዋገን ጎልፍ ትውልዶች ከስር ያየ ሰው የግራው አጭር አክስል ቀጭን ድፍን ብረት፣ የቀኙ ረጅም አክስል ደግሞ ወፈር ያለ ክፍት ቱቦ መሆኑን ልብ ይላል። ሁለት የማይመሳሰሉ ዘንጎች አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖራቸው በውፍረት ማስታረቅ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ዝንባሌን ግን ውፍረት አያርመውም። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፤ ዲፈረንሻሉም አብሮ ይነሳል። ያኔ አጭሩ አክስል ከረጅሙ ይልቅ ይዘምማል። በአክስሉ ጫፍ ያለው ጆይንት በራሱ የሚደነቅ ነገር ነው። አልፍሬድ ዘፓ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ይህ መገጣጠሚያ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት። ኳሶቹ በተቀረጸላቸው ቦይ ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ ሁለቱ ዘንጎች የሚሠሩትን አንግል ሁልጊዜ እኩል ለሁለት በሚከፍለው ጠለል ላይ ይሰለፋሉ። ጎማው ታጥፎ እንኳ ሳይንገጫገጭ የሚሽከረከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የዘመመ ጆይንት ፍጥነቱን ሳያዛባ ቢያሳልፍም ጥቂት ወደ ጎን መጠምዘዙ አይቀርም። እናስላው። በአንድ ጎማ ላይ 1,200 ኒውተን ሜትር ቢያርፍ፣ 3 ዲግሪ የዘመመ ጆይንት 31 ያህል፣ 6 ዲግሪ የዘመመው ደግሞ 63 ያህል ኒውተን ሜትር ወደ ጎን ይወረውራል። የግራና የቀኙ ልዩነት 30 ኒውተን ሜትር ያልፋል ማለት ነው። የመሪው ማርሽ አስራ አምስት ጊዜ ቢያሳንሰው እንኳ ሁለት ያህሉ ነጂው እጅ ላይ ይደርሳል፤ በለዘብታ የያዘ እጅ በደንብ ይሰማዋል።

የዚህ መድኃኒት ከሁሉም ክፍሎች የምወደው ነው፤ መካከለኛ ዘንግ። ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ በሞተሩ ጀርባ ያልፋል፤ ጫፉ ከሞተሩ አካል ጋር በቡሎን በታሰረ ደጋፊ ውስጥ ባለ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። አይዘምም፣ አይነሳም፣ አይወርድም፤ ባለበት ይሽከረከራል። ከእሱ ጫፍ ተነስቶ ወደ ጎማው የሚሄደው አክስል በሌላው ጎን ካለው ጋር በርዝመትም በዝንባሌም እኩል ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ተራ የብረት ዘንግ ይመስላል። ጥበቡ ያለው ግን በልኬቱ ነው፤ በሞተሩ ላይ የታሰረው የደጋፊው ቀዳዳና በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዲፈረንሻሉ ቀዳዳ፣ በሁለት የተለያዩ ብረቶች ላይ ተቀርጸው እያለ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ጥቂት ከተዛነፉ ኩሽኔታው ማፏጨት፣ የዘይት ማገጃው ማንጠባጠብ ይጀምራል። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ምንም ድምፅ የማያሰማ መካከለኛ ዘንግ ሳይ የቀራጩን እጅ ባላውቀውም አከብረዋለሁ።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። በብዙ መኪኖች የፊት ጎማ የሚታጠፈው ከአሞርዛተሩ የላይኛ መቀመጫ ወደ ታችኛው ቴስቲና በሚወርድ መስመር ዙሪያ ነው። አሞርዛተሩ ጎማውን እንዳይነካ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ስላለበት፣ መስመሩ ከጎማው እምብርት ራቅ ብሎ ያልፋል። ይህ ርቀት የመጎተቻው ኃይል የሚጠቀምበት ማንሻ ነው። ጎማው 4,000 ኒውተን ሲጎትትና ርቀቱ 60 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጎማውን ለማጠፍ የሚታገለው ኃይል 240 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ከሌላው ጎን እኩል ካልመጣለት፣ ለምሳሌ አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ቢያዳልጥ፣ ነጂው የሚይዘው ነገር ያጣል። ርቀቱን በግማሽ የቀነሰ ሰው መዘዙንም በግማሽ ቀነሰ።

ሬኖ በ2004 በወጣው ሜጋን አርኤስ ላይ ያደረገው ይህንን ነው። ፎርድም በ2009ኙ ፎከስ አርኤስ ሬቮናክል ያለውን ክፍል አመጣ። አሞርዛተሩ ከጎማው ጋር አብሮ መታጠፉን ተወ፤ ንዝረትን የመዋጥ ሥራውን ብቻ ይዞ ቆመ። ጎማውን የሚያዞረው ለብቻው የተሠራ፣ ከእምብርቱ አጠገብ የራሱ ማጠፊያ ያለው ክፍል ነው። ያ ፎርድ 305 የፈረስ ጉልበትና 440 ኒውተን ሜትር በሁለት የፊት ጎማዎች ብቻ ያወጣ ነበር። ከመጀመሪያው ፎከስ አርኤስ የተወረሰውና ጉልበቱን የተሻለ ወደያዘው ጎማ የሚያደላው የክዌፍ ዲፈረንሻልም አብሮት ነበር። ዲፈረንሻሉ መኪናውን ወደፊት ይወስዳል፤ ብቻውን ቢሆን ግን ከጎማ ጎማ ሲያደላ ልዩነቱን አባብሶ መሪውን ይነጥቅ ነበር። ዲፈረንሻሉና መሪው የተጣጣሙት የመታጠፊያው መስመር ወደ እምብርቱ ስለቀረበ ነው። በ2017ቱ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ላይ ያለው ባለ ሁለት ዘንግ የፊት ሱስፔንሽንም የዚሁ ዘመድ ነው። ሆንዳው በ2017፣ ሬኖው ደግሞ በ2019 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ የውድድር ሜዳ በፊት ጎማ ከሚጎተቱ መኪኖች በየጊዜያቸው ፈጣኑን ዙር ያስመዘገቡት እንዲህ በተሠራ ማጠፊያ ነው።

ጉልበቱን ራሱን በመቀነስ መገላገልም አለ። የ2007ቱ ማዝዳ ስፒድ 3 በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ቱርቦውን ይገታ ነበር። አንዳንዶች ደግሞ የኤሌክትሪክ መሪው ሞተር ንጥቂያውን አይቶ በተቃራኒው እንዲገፋ ያደርጋሉ። ይሠራል፤ እኔን ግን አያረካኝም። ጥፋቱን ከምንጩ ያደረቀ ብረት እያለ፣ ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ የሚያባብል ኮምፒዩተር ሁለተኛ ምርጫዬ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ከመጽሔት ወሬነት ያለፈው በኤሌክትሪክ መኪና ነው። የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር በ2020 የገጣጠመው ሀዩንዳይ አዮኒክ 295 ኒውተን ሜትር የሚያወጣው በፊት ጎማዎቹ ነው፤ የቪትዙን ሦስት እጥፍ፣ ቱርቦ ሳያስጠብቅ፣ ከቆመበት። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉልበት በፊት ጎማው የያዘ መኪና በየከተማው ይታያል። የኤሌክትሪክ ሞተርን ኃይል በቅጽበት መመጠን ስለሚቻል የማዝዳው ዘዴ ለእሱ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል ያው አክስል፣ ጆይንቱም የዘፓ ጆይንት ነው። ከፋብሪካ የወጣውን ሚዛን የሚጠብቀው የጋራዥ ሰው ነው።

ያ ሰው ዱርቤቴም ይሁን ዳንግላ ብዙ መሣሪያ ላይኖረው ይችላል፤ የሚያውቀው ግን ይበቃል። መሪው ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚስብ ከሆነ፣ በአንድ ጎን አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ጎማ መታሰሩን መጀመሪያ ያያል፤ የአንዱ ንፋስ መጉደሉንም በጎሚስታ ያስለካል። ከዚያ በታችኛው ክንድ ላይ ያለው ጎሚኒ መላላቱን በረጅም ብረት እያነቃነቀ ይፈትሻል። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ካለቁ ሞተሩ ራሱ እየተንጋደደ የአክስሎቹን ዝንባሌ ያዛባልና እነሱንም አይዘልም። ጆይንቱ ጋር ሲደርስ እጁ ይረጋል። ላስቲኩ የተቀደደ ከሆነ የክረምቱ ጭቃ ከግሪሱ ጋር ተለውሶ ቦዮቹን እንደሚበላ ያውቃል። ዘንጉን ያወጣል፤ ኳሶቹን ከመንቀሉ በፊት እያንዳንዱ የየትኛው ቦይ እንደሆነ ምልክት ያደርጋል፤ አብረው ያለቁ ነገሮች ቦታ ቢለዋወጡ ይንኳኳሉና። በነዳጅ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቦዩን በጣቱ ጫፍ ይዳብሳል፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኘ ጆይንቱን አይመልሰውም። ካላገኘ ኳሶቹን በየቦታቸው ይመልስና ተራውን ሳይሆን ለጆይንት የተሠራውን ጥቁር ግሪስ ይሞላል። አዲሱን ላስቲክ ካለበሰ በኋላ ማጥበቂያውን ከመቆለፉ በፊት በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የላስቲኩን ጠርዝ ጥቂት ገልጦ ውስጥ የታመቀውን አየር ያስተነፍሰዋል፤ አለበለዚያ ላስቲኩ ሲሽከረከር ተነፍቶ ሳይቆይ ይቀደዳል።